የማናለብሽ ሁለት ፊልሞች

ወይዘሮ ሽታዬ ዳንግላ የገቡት በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ከባንጃ እስከ ኮሶበር በእግራቸው መጥተው፣ ከዚያ ድንች በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙና «ሲኒማ የሚያሳየው ሰው የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰውየው ደጉ ነበር። አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ ፕሮጀክተርና ሞተር በላንድሮቨር ጭኖ በአገው ምድር አውራጃ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ የጤናና የእርሻ ፊልም ያሳያል። ሽታዬን ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ አንድ ጊዜ አይቷቸዋል። ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ።

ልጃቸው ማናለብሽ ዳንግላ ክሊኒክ ሕሙማን የምትረዳ ድሬሰር ነበረች። ደጉ ፊልሙን ሲጨርስ ሕዝቡ ፊት ቆማ በአማርኛም በአገውኛም የምታስረዳው እሷ ነበረች። ሦስት ዓመት አብረው ዞሩ። ደጉ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ፣ ዛሬ ነገ ሲል፣ ባለፈው ሐምሌ ተስቦ ገባ። ከሕሙማኑ ያዛትና በዘጠነኛው ቀን ሞተች። በሽታው ያስፈራ ስለ ነበር ያኑ ዕለት ተቀበረች፤ መርዶው እናቷ ዘንድ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው።

«ፊቷን ሳላይ አፈር ለበሰች» አሉት ሽታዬ በአገውኛ። «ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። ሰው ግን አንተ ዘንድ በፊልም አለች ይላል። እውነት ነው?»

«አለች፣ እማማ።»

«ትንቀሳቀሳለች?»

«ትንቀሳቀሳለች።»

«እንግዲያስ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ አሳየኝ።»

እውነቱን ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። «አሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ፣ አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ» አላቸው። አሮጊቷ እጁን ስመው ተመለሱ።

እውነቱ ይህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ስለ ዓይን ማዝ ፊልም ሊያነሡ አንድ ቀን ሙሉ ማናለብሽን ሲቀርጹ ውለው ነበር፤ ስትስቅ፣ ስትናገር፣ ሕፃን ስታቅፍ። ያለቀለት ፊልም ሲመጣ ግን ከዚያ ሁሉ የቀረው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በነጭ ካፖርት የጀርባዋ መልክ፣ ከዚያ የሕፃን ፊት የሚያጥቡ ሁለት እጆች። ማስረዳቱ ለአንድ ባለ ክራቫት ሐኪም ተሰጥቷል። ማናለብሽ ከሞተች በኋላ ደጉ የቀረውን ቁራጭ እንዲልኩለት ጽፎ ነበር። «ተርፎ የወጣው ተጥሏል» የሚል የሁለት መስመር መልስ መጣለት።

ተስፋው ሌላ ቦታ ነበር። ድልድይ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ፣ ጥሊሊ ገበያ ላይ ማናለብሽ የፈንጣጣ ክትባት ስትከትብ በኪስ በምትያዝ ትንሽ ካሜራ ሲያነሣት ደጉ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ፊት ለፊት ነው ያነሣት። «አገሬ ልኬ ሳሳጥበው ለአንተ በፖስታ እሰድልሃለሁ» ብሎት ሄደ። ደጉ ያንን ፊልም ሲጠብቅ ከርሟል።

ሽታዬ በሄዱ በስምንተኛው ቀን ፖስታው ደረሰ። ደጉ ጥቅሉን ይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ወጣና ወደ ፀሐይ ዘረጋው። በመጀመሪያ ያየው ስፋቱን ነው፤ ከራሱ ፊልም ጋር ገጥሞ ሲለካው ልክ ለልክ ሆነ። ልቡ ዘለለ። ሥዕሎቹ ግን ደቃቅ ናቸው። እንደ ምስር ፍሬ እየሆኑ በሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ የቀዳዳዎቹም ቁጥር ከለመደው እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሥልጠናው ላይ አላየም። የሚጠይቀው ሰውም በአውራጃው ውስጥ አልነበረም። «የፕሮጀክተሩ መነጽር ያጎላዋል» አለ ለራሱ። ሌላ ማለት አልፈለገም።

ከዚያ ወደ አለቃው ወደ አቶ አየነው ገባ። አቶ አየነው የዓይኑን ፊልም ቆርጦ ከሌላው ጋር ለመቀጠል ፈቃድ ሲጠየቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደጉ፣ ፊልሙ በፊርማ የተረከብነው የመንግሥት ንብረት ነው። ነገ ከጠቅላይ ግዛት መጥተው ቢቆጣጠሩኝ ምን እላለሁ?»

«መልሼ እቀጥለዋለሁ፣ ጌታዬ። ሁለት ሜትር ብትሆን ነው።»

«ሐዘንህን አላጣሁትም። ግን አይሆንም።»

ደጉ እጅ ነሥቶ ወጣ፤ በነጋታው ቆረጠው። በምላጭ የፊልሙን ጫፍ ፋቀ፣ ማጣበቂያውን በላባ ቀባ፣ ጫፍ በጫፍ አነባብሮ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እስከ ሠላሳ ቆጠረ። ጥቁርና ነጩ የዓይን ፊልም ካለቀበት ባለ ቀለሙ የፈረንጁ ፊልም እንዲጀምር አደረገ፤ ከፈረንጁ ፊልም መጨረሻም ባዶ ፊልም ቀጠለ። እስኪ ልሞክረው እንዳይል የቀረችው አምፖል አንዲት ናት፤ እሷም ጠቁራለች። ምትክ ከተጠየቀ አምስት ወሩ ነው። ያቺን አምፖል ለእናቲቱ አስቀመጣት።

ሽታዬ በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ነጠላቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ሰው ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ሆነው ነው የመጡት። እሑድ ከሰዓት ነበር። ደጉ ከትምህርት ቤቱ አንዱን ክፍል አስከፍቶ መስኮቶቹን በጆንያ ሸፈነ፣ ነጭ ሸራ ሰቀለ፣ ሞተሩን ውጭ አስነሣ። አሮጊቷን ከፊት ካለው ዴስክ ላይ አስቀመጣቸው።

መጀመሪያ ጀርባዋ መጣ።

«ይቺ ነጭ ለባሽ ማን ናት?» አሉ ሽታዬ።

«እሷ ናት፣ እማማ።»

«ማናለብሽ?» አሉ። ከቤት ወጥታ ትምህርት ቤት የገባችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካፖርት ለብሳ አይተዋት አያውቁም። ከዚያ እጆቹ ሸራውን ሞሉት። ግራው እጅ በጨርቅ የሕፃኑን ዓይን ሲጠርግ ሽታዬ ከዴስኩ ብድግ አሉ።

«ግራኟ! ልጄ ናት! ወይኔ፣ በዚህ እጅሽ በላሽ ብዬ ስንቴ መታሁት ይህንን እጅ!»

ወደ ሸራው ሄደው ሊዳብሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ጥላቸው እጆቹን ሸፈናቸውና ደንግጠው ወደ ኋላ ተመለሱ። አሥራ አንዱ ሰከንድ አለቀ።

መቀጠያው በፕሮጀክተሩ ውስጥ ቋ ብሎ አለፈ። ድምፅ ማውጫው እንደ ትልቅ ጥንዚዛ ማጓራት ጀመረ። ሸራው ላይ አራት ትንንሽ ሥዕሎች በአንድ ጊዜ መጡ። በአንዱ ወገን ያሉት ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በሌላው ወገን ያሉት ሁለቱ ደግሞ በራሳቸው ተዘቅዝቀዋል። ገበያተኛው፣ አህያው፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም እንደ ጉንዳን ይራወጣል። በቀጥተኞቹ ውስጥ ነጭ የለበሰች አንዲት ሴት በጥድፊያ ክንድ ትወጋለች፤ በተዘቀዘቁት ውስጥ ሰዎች ወደ ኋላቸው እየሄዱ ይርቃሉ።

«የትኛዋ ናት?» አሉ ሽታዬ።

«ነጭ የለበሰችው።»

«ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ልጄ። የትኛዋ ናት?»

ደጉ መነጽሩን አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ሥዕሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ይጠራሉ፤ አንድ ግን አይሆኑም። ያን ጊዜ ማናለብሽ ቀና አለች። እሱ አወቃት፤ ወደ ካሜራው ዞራ ልትስቅ ስትል የነበረችበትን ቅጽበት ያስታውሳል። «ያቻት!» ብሎ ሲጮህ ሁለተኛው መቀጠያ የፕሮጀክተሩ ጥርስ ላይ ተያዘና ፊልሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። አምፖሉ ግን አልቆመም። ከሸራው መካከል ቡናማ ነጥብ ታየች፤ ፈላች፣ አረፋ ሠራች፣ እየሰፋች አራቱንም ሥዕል በላች። የተቃጠለ ፊልም ሽታ ክፍሉን ሞላው። ደጉ ተወርውሮ አምፖሉን ሲያጠፋ እጁን ተለበለበ።

ጨለማው ውስጥ የሽታዬ ድምፅ በቀስታ መጣ።

«ተስቦው እንዲህ ነው ያደረጋት?»

«አይደለም፣ እማማ! ፊልሙ ነው። ፊልሙ ነው የተቃጠለው።»

«እሺ» አሉ። እንዳላመኑት ከድምፃቸው ያስታውቃል።

አቶ አየነው የሞተሩን ድምፅ ሰምተው መጥተው ነበር። በሩ ላይ ቆመው የተቆረጠውን ፊልምና አሮጊቷን አዩ፤ በሩን ቀስ ብለው ገጥመው ተመለሱ። በሰኞ ሪፖርታቸው ላይ ግን የሆነውን ሁሉ ጻፉ፤ ላንድሮቨሩን ቻግኒ ላለ ሌላ ሰው ሰጡና ደጉን መዝገብ ቤት አስቀመጡት።

ለደጉ ከፈረንጁ ደብዳቤ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሿ ካሜራ የፊልሙን አንድ ወገን አንሥታ ስትጨርስ ጥቅሉ ይገለበጥና ሌላውን ወገን ታነሣለች፤ ከታጠበ በኋላ መካከሉ ላይ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት፤ የሚታየውም በራሱ ትንሽ ፕሮጀክተር ነው ይላል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክተር ጎጃም ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ደጉ ከቃጠሎው የተረፈውን፣ ማናለብሽ ያለችበትን ክንድ የማይሞላ ፊልም በማስመሪያ አስደግፎ በምላጭ ሊሰነጥቀው ሞከረ። የተለበለበው እጁ ገና አልጸናም ነበርና ምላጩ አፈነገጠ። ማናለብሽ ቀና ባለችበት ቦታ ላይ መስመሩ ፊቷን ከቅንድቧ እስከ አገጯ ለሁለት ከፈለው።

በሐምሌ ሙት ዓመቷ ሲወጣ ደጉ ባንጃ ሄደ። ዝናቡ አላባራም። ከቀርከሃው አጥር ውስጥ ዳሱ ሞልቷል። ሽታዬ ከዘመድ ጋር አስቀመጡት፣ ጠላ ቀዱለት። አንዲት ጎረቤታቸው «እውነት በሲኒማ አየሻት?» ስትላቸው ሰማ።

«አየኋት» አሉ ሽታዬ።

«እንዴት ነበረች?»

«ሥራ ላይ ነበረች።»

ሰው ሲቀልል መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ፊቷን አልረሳኸውም መቼም» አሉት። «እኔ የማስታውሰው የልጅነቷን ነው። ትልቅ ሆና እንዴት ያለች ነበረች? ንገረኝ።»

«ጠይም ናት» አለ ደጉ። «ዓይኗ…» ብሎ ጀመረና ዓይኗን ፈለገ። የመጣለት እየፈላ የሚሰፋው ቡናማ ነጥብ ብቻ ነው። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ አሰበ፤ ክሊኒኩን፣ ላንድሮቨሩን፣ የጥሊሊን ገበያ። በሄደበት ሁሉ ነጥቡ ቀድሞት ይደርሳል።

ሽታዬ ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ የተጠሙ እንግዶች ከወዲያ ስለ ጠሯቸው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ማንቆርቆሪያውን ይዘው ሄዱ።