ማንም ይቅደም

ሚዛኑ እንደገና ቀጥ አለ። የኮምፒውተሩ ፊት ላይ "በመመዘን ላይ" የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ደረቀ፤ ማተሚያውም ግማሽ ደረሰኝ ተፍቶ ዝም አለ። ከመጋዘኑ ደጅ ስንዴውን በአህያ ጭኖ የመጣው የእስቴ ገበሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል።

"ይኸው፣ ዛሬም ለገመ" አለች መዛኟ ቦጋለች።

ምሥራቅ ኮምፒውተሩን አጠፋችና አበራችው። ከአዲስ አበባ ድረስ የተላከችው ለዚሁ ነው። ኮምፒውተሩን ከሚዛኑና ከማተሚያው ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ባለሙያዎቹ ድራይቨር የሚሉትን፣ የጻፈችው ራሷ ናት። ቢሮ ውስጥ ስትሞክረው አንድም ቀን ቆሞባት አያውቅም። እዚህ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ግን ገበሬ በበዛ ቁጥር ይደርቃል። አለቃዋ አዳነ ሲልካት "አገርሽ አይደል? አንቺው ሂጂ" ብሎ ስቆ ነበር። አገሯስ አገሯ ነው። ያን ኮረኮንች መንገድ ለቻለ ሰው የተወለደችበት ወገዳ ሩቅ አይደለም። እሷ ግን ከመጣች ወዲህ ስለ ወገዳ መኪና አንድም ሰው አልጠየቀችም።

ወገዳ ኢዮብ አለ። የሒሳብ መምህር ነው። ኮሌጅ ሳሉ ተዋደዱ፤ ሲመረቁ ቃል ተገባብተው እሱ ወገዳ፣ እሷ አዲስ አበባ ለሥራ ተለያዩ። እሱ "መጀመሪያ አንቺ ነይ፣ ከዚያ አዲስ አበባም ቢሆን አብረን እንሄዳለን" ይላል። እሷ "መጀመሪያ አንተ ና፣ ከዚያ አገራችን አብረን እንመለሳለን" ትላለች። ልብ ላለው ሰው ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ግን ፍቅርና እልህ አንድ ቤት ከገቡ ልብ የሚል ከየት ይመጣል! እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት ነጎዱ። ስልኩም እየሳሳ ሄዶ ከጥምቀት ወዲህ ጭራሽ ተቋረጠ። እሷ "እስኪ እሱ ይደውል" ብላ ተቀመጠች። ናፍቆቱ ግን እልህ አይገባውም። አውቶቡስ ውስጥ እጅጌው ጠመኔ የነካው ሰው አይታ ከመውረጃዋ አልፋ የሄደችበት ቀን አለ።

"እትዬ፣ የወገዳ ልጅ ነሽ አሉ" አለች ቦጋለች፣ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ። "መምህር ኢዮብን ታውቂዋለሽ? እኔን አስተምሮኛል።"

"አውቀዋለሁ።"

"እናቱ የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ሊልኩለት ነው አሉ። አርብ ገበያ ከተማ፣ አንድ ነጋዴ ቤት።"

ምሥራቅ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሣ "እሱስ ምን አለ?" አለች።

"እሱማ እሺም የለ እምቢም የለ። 'የሚጠብቃት ካለች ለምን አትመጣም?' ብለው ቢቆጡት ደብተሩን ይዞ ወጣ አሉ። አገር ያወራውን ነው የምነግርሽ እንግዲህ።"

የምሥራቅ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። ቦጋለች የነገረችው ለማን እንደሆነ አላወቀችም። አለማወቋም በጀ፤ ምሥራቅ የዚያን ጊዜ የሚያጽናናት ሰው ቢኖር ታለቅስ ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ክንዱ ብቅ አሉ። "ልጄ፣ ሰዉን እኮ ፀሐይ ፈጀው።"

"ይግቡ ጋሼ። እንደ ወትሯችሁ መዝኑ፤ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ" አለችና ጥግ ይዛ ቆመች።

ሥራው ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ቄስና አንድ ሽማግሌ ገበሬ እኩል ደረሱና በሩ ላይ ተያዙ።

"ይቅደሙ አባ።"

"በፍጹም። እርስዎ ነዎት የቀደሙት፣ ይግቡ።"

"ኧረ በማርያም!"

ቦጋለች ሁለቱን አይታ ተጨነቀች። የፊተኛው ሰው ደረሰኝ ገና እየታተመ ነው፤ ግን ሽማግሌ አቁሞ ወረቀት መጠበቅ በዚህ አገር ነውር ነው። ተሸካሚውን በዓይኗ ጠቀሰችው። ተሸካሚውም የቄሱን ጆንያ አንሥቶ ሚዛኑ ላይ ዱብ አደረገው። ማሽኑም ያኔውኑ ደረቀ።

ምሥራቅ ነገሩ ገባት። ቢሮ ውስጥ ስትሞክረው ደረሰኙ ወጥቶ ሳያልቅ ሌላ ዕቃ ጭና አታውቅም፤ ይሉኝታ የሚያስይዛት ሽማግሌ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ አያውቅማ። ላፕቶፗን ከፍታ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ስህተቱም እንደጠረጠረችው ተገኘ።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉ ጋሽ ክንዱ ከጀርባዋ ቆመው።

"ሁለት ሥራዎች ናቸው ጋሼ። አዲሱን ጆንያ የሚመዝነው ክፍል ሚዛኑን ይይዝና ማተሚያው እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ደረሰኙን የሚያትመው ደግሞ ማተሚያውን ይይዝና ክብደቱን ለማረጋገጥ ሚዛኑ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። የያዘውን የሚለቅ የለም።"

"መቀናጆ ይመስላላ። ሁለት ሰው አንድ አንድ በሬ ይኖራቸዋል። 'በሬህን መጀመሪያ ወደኔ እርሻ አምጣ፣ የለም አንተ ወደኔ አምጣ' ሲባባሉ ዝናቡ ያልፋቸዋል። የሁለቱም መሬት ጦሙን ያድራል።"

"ልክ እንደሱ ነው።"

"ታዲያ የቱን ታስቀድሚያለሽ?"

"የቱም ቢቀድም ግድ የለም። ብቻ ሁለቱም አንድ ተራ ይጠብቁ። መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ ማተሚያ። ሚዛኑን ያልያዘ ማተሚያውን አይነካም። እስካሁን ማተሚያውን ቀድሞ ይይዝ የነበረውም እሱን ይለቅና ከመጀመሪያው ይሰለፋል።"

"ለመሆኑ አጥፊው የትኛው ነበር?"

"አጥፊ የለም። ለየብቻ ቢታዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው።"

ይህን ስትናገር የራሷ ነገር ትዝ አላት። ማን ትክክል ነው ሲሉ ነው ያ ሁሉ ዕድሜ የሄደው። ኢዮብም ትክክል ነበር፣ እሷም ትክክል ነበረች፤ ትክክል መሆናቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አንድ ማዕድ ላይ አላስቀመጣቸውም።  ጎንበስ ብላ ጥቂት መስመሮች ከታች ወደ ላይ አዛወረች፣ ፕሮግራሙን አዲስ ጫነችና ቦጋለችን "እስኪ አጣድፊው" አለቻት።

አጣደፈችው። ጆንያ በጆንያ ላይ ተጫነ፣ ማተሚያው ያለ ፋታ ጮኸ፣ ማሽኑ ግን አልቆመም። ግቢው ሲቃለል ጋሽ ክንዱ "እግዜር ይስጥልን፣ በሰላም ግቢ" ብለው መረቋት።

መናኸሪያ ስትደርስ ለአዲስ አበባ መንገዷ የምትሳፈርበት የደብረ ታቦር አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ረዳቱ ሻንጣዋን ተቀብሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። እሷ ስልኳን አውጥታ ኢዮብ ጋ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ወይም ቁጥሯን አይቶ ትቶት ይሆናል። ቀድሞ ቢሆን "እኔ የበኩሌን አድርጌአለሁ፣ የቀረው የሱ ነው" ብላ አኩርፋ ትሳፈር ነበር። አሁን ግን የሱን መልስ ሳትጠብቅ አዳነ ጋ ደወለች።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ። ሰኞ ግን ቢሮ አልገባም። ሥራውን ከዚህ ሆኜ የምሠራው ከሆነ እሠራለሁ። አይሆንም ካልከኝ ሌላ ሰው ፈልግ።"

"ምን አግኝተሽ ነው?"

"ገና ምንም አላገኘሁም" አለችና ዘጋችው።

ከመናኸሪያው ማዶ አንድ አይሱዙ ሞተሩን አስነሥቶ "ወገዳ፣ ወገዳ" ይጣራል። ምሥራቅ ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ አንጋጠጠች።

"ወንድሜ፣ ሻንጣዬን አውርድልኝ።"

"አሁን እኮ አስሬ ጨረስኩ።"

"ፍታው" አለችና ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች።