የአራስ ቅቤ በባቡር

ጭኔ ላይ የያዝኩት የቅቤ ዕቃ ክዳኑ የሌላ ዕቃ መሆኑን ያየሁት ባቡሩ አዳማን ካለፈ በኋላ ነው። ጉለሌ እቤቴ ሳሽገው ቅቤው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር፤ ክዳኑ ገጠመ አልገጠመ ማን ልብ ይላል? በእንጦጦ ብርድ የደነደነ ቅቤ አዋሽ ሲደርስ ውሃ እንደሚሆን እንዴት ጠፋኝ!

ልጄ ሐመልማል ድሬዳዋ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ባሏ ሥራ ስለሚውል ቀኑን ብቻዋን ናት። ስልክ ባላነሳች ቁጥር ደም ፈሰሳት፣ ሕፃኑ ታፈነ እያልኩ ስባንን ሰነበትኩ። ብቻዬን ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ተሳፈርኩ።

ቅቤው መጀመሪያ ጭኔን አራሰው፤ ከዚያ በቀሚሴ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። በሙቀቱ ሸተተ። ከኋላዬ አንዱ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ ከወዲያ ሌላው ካልሲውን አውልቋል። አፍንጫዬን በነጠላዬ ልሸፍን ብል ነጠላዬም ቅቤ ሆኗል።

«አቦ እማማ፣ የሚቀባው ፀጉር መስሎኝ!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ሰልዋ የምትባል የድሬ ነጋዴ፤ ጫማዋን አንስታ እያሳየችኝ። «እግሬን ቀቡት እኮ!»

«ይቅርታ ልጄ፤ አፈርኩ።»

«ምን ያሳፍራል? ይልቅ ያምጡት» ብላ ውሃዋን ጠጥታ ጨረሰችና የተረፈውን ቅቤ በባዶው ጠርሙስ ገለበጠችልኝ። ግማሽም አልሞላ።

ሐመልማል ቤት ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«እማዬ፣ ግቢ!» አለች ከአልጋዋ።

እግሬ ደጁ ላይ ቀረ። ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ ቤት ዘው አይልም፤ ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። ያውም እንዲህ ከርፍቼ! ሕፃኑን ምች ቢመታውስ?

«እስከዚህ መጥተሽ ግቢ ውስጥ ልታድሪ ነው?»

«ዝም በይ። ልታጠብ።»

ቧንቧው ሥር በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። ልብስ ቀይሬ ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ በመስኮት እሰማለሁ፤ ቆይታ እሷም አብራው አለቀሰች። አልተነሳሁም።

ፀሐይ ስትጠልቅ እጄን አሸተትኩ። አሁንም አለ።

«እማዬ፣ እባክሽ፤ ደከመኝ።»

ገባሁ። ሕፃኑን ከእጇ ተቀበልኩ፤ ራሴን እየተጸየፍኩ ፊቴን ወዲያ አዙሬ አቀፍኩት። ዝም አለ። እሷ ትራሱ ላይ ሳትደላደል እንቅልፍ ወሰዳት።

ባሏ ከሥራ ሲገባ ሁለቱም ተኝተው ነበር። በሩን እኔ ቆለፍኩት፤ እንደ ቅቤው ክዳን እንዳይሆንብኝ ገፋ አድርጌም አየሁት።