ተጠባባቂው

«ዋሷን ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ካላመጣች ተጠባባቂውን እንጠራለን» አለች የሰው ሀብት ሠራተኛዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። ተጠባባቂው ራሱ ፊቷ እንደቆመ አላወቀችም።

ሙንታሲር «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብሎ ወጣ።

ለደን ጥበቃ ባለሙያነት በወጣው አንድ የሥራ መደብ እሱና ሚስቱ ዐርዋ ሁለቱም ተመዝግበው ነበር። አንድ ክፍል የተማሩ፣ አብረው የተመረቁ ናቸው። «ለማንኛችንም ይድረስ፣ ቤቱ አንድ ነው» ተባብለው ለፈተና ተቀመጡ። ውጤቱ ሲለጠፍ ዐርዋ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ሆነው ተገኙ። ሰው ፊት «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ ራቱ ግን አልወረደለትም። ደን ተምሮ፣ ከተመረቀ ጀምሮ በሰው ባጃጅ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው።

ዐርዋ ሆስፒታል የጤና ምርመራ ወረፋ ላይ ስለነበረች ዋስ የመለመኑ ነገር ለእሱ ቀረ። ከዘመድ የመንግሥት ደመወዝተኛ አጎቱ ሐምዳን ብቻ ናቸው። የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሄደ። ግቢው ውስጥ ካለ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው አዳመጡት።

«ለሚስትህ አልፈርምም» አሉ።

«ለምን፣ አጎቴ?»

«ሥራው ጫካ ነው። ሰደድ እሳት አለ፤ በስርቆት ቀርከሃ የሚጭን አለ። እሷ ያንን ልትጠብቅ ወጥታ አንተ ቤት ልጅ ታቅፈህ ልትቀመጥ ነው? ወላሂ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ተወዳድራ ነው ያለፈችው።»

«አልተወዳደረችም መች አልኩ? ላንተ ከሆነ አሁኑኑ እፈርማለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ፣ ክፉ ሥራ አላልኩህም። አጎቴን አጣሁት በላት፣ በቃ። ነገ አንተን ይጠሩሃል። ልጅህም ከእናቷ እቅፍ አትለይም።»

ሙንታሲር ብድግ አለ። ምክሩ ክፉ አልመሰለውም፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር። ባጃጁን አስነስቶ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚላትን በልቡ ሲያሰናዳ ቆየ። አጣኋቸው። ስብሰባ ሄደዋል አሉኝ።

ዐርዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ደም የተቀዳበት ክንዷ ላይ ጥጥ ጫን አድርጋ ይዛለች።

«ጨረስኩ፤ ጤነኛ ነሽ አሉኝ። አጎትህስ ፈረሙ?»

አያት። ምዝገባው ሊያበቃ ሲል እሱ ተስፋ ቆርጦ «አንቺ ብቻ ተመዝገቢ» ቢላት፣ «አንተ ካልተመዘገብህ እኔም ይቅርብኝ» ብላ እጁን ይዛ የወሰደችው እሷ ነበረች።

«ላንቺ አልፈርምም አሉ» አላት። «ለእኔ ግን እፈርማለሁ ብለዋል።»

ጥጡ ከእጇ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

ዐርዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ከፈለግህ እተወዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሙንታሲር ከአጎቱ አፍ ሲሰማው ያልከበደው ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ አንገቱን አስደፋው። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ወደ ባጃጁ ተጠጋች።

«ገበያ ነህ?»

«አይደለሁም እናቴ፣ ዛሬ አልጭንም» አላትና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ግቢ። ያስተማሩን መምህር ማስረሻ ዋስ እንዲሆኑሽ ከዩኒቨርሲቲው ሳይወጡ እንድረስባቸው። እሳቸው እንቢ ካሉም ሌላ እንለምናለን።»

ዐርዋ ገባች። ሞተሩን አስነሳ።