በቀን አንድ ሚሊሜትር

ልብስ ሰፊው ከመቁረጫ ጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራርጎም አሁን ጨርቅ እንደሚቆርጥ ለሚስቱና ለደንበኛቸው ለጡረተኛዋ ዳኛ በይፋ አስታወቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ አስታውቆ አያውቅም ነበር።

ማስታወቅ የጀመረው የመስኮት መስታወት የቀኝ እጁን አንጓ ከቆረጠው ወዲህ፣ ማለትም ከሰባት ወር ወዲህ ነው። ሐኪሙ የተበጠሰውን ነርቭ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ሰፋለት።

"ነርቭ ከጣትህ ወደ አንጎልህ ወሬ የሚያደርስበት መንገድ ነው" አለው። "ተቆርጧል። ያድጋል፤ ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው።"

ልብስ ሰፊው ቤቱ ገብቶ ከአንጓው እስከ ሌባ ጣቱ ጫፍ በገዛ ሜትሩ ለካ። አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር፤ መቶ ሰማንያ ቀን። በመቶ ሰማንያ አንደኛው ቀን "ድኛለሁ!" አለ። ጣቱ ግን ይህን አልሰማም።

ዳኛዋ ኮት እንዲሰፋላቸው ያመጡት ከፋይ ጠጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ ወዲህ ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወዲያ ሲዳብሱት ይቆማል። የኮቱ ግራና ቀኝ ተገለባብጠው ከተቆረጡ አንዱ ጥቁር ሌላው ግራጫ ይመስላል፤ ለባሹም ከሁለት ሰው የተገጣጠመ። እጁ ከተጎዳ ወዲህ አንድ ኮት እንዲህ አበላሽቷል። ሁለተኛ ካበላሸ ሱቁን ሊዘጋ ለራሱ ምሏል።

ስለዚህ ሚስቱ ማለዳ ማለዳ ቀድማው ትገባና በጨርቁ ጀርባ ላይ በጠመኔ ትንሽ ቀስት ትስላለች፤ ጠጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ። እሱ ቀስቱን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳብስና "በዚህ በኩል ነው" ይላል። "አቤት ጣት!" ትላለች እሷ። ትዳራቸው እንደዚህ ሰላም ሆኖ አያውቅም።

"ለልጄ ምርቃት የምለብሰው ነው፤ አደራ" አሉ ዳኛዋ። "ለመሆኑ እጅህ እንዴት ነው?"

"እጄማ ከድሮውም ይሻላል!"

"እንደሱ የሚል ምስክር ብዙ ገጥሞኛል።"

"እውነቱን ነው፣ እትዬ" አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ።

ጨርቁ ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ ለሁለት ታጥፎ ተዘርግቷል፤ በየንብርብሩ ጀርባ ያለውን ቀስት ጠርዙን ገለጥ አድርጎ አይቷል። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን በሁለቱ ንብርብር መካከል አስገባ። በቀስቱ አቅጣጫ ሲዳብሰው የላይኛው ለሰለሰው፤ ለስላሳና ምንም ደግሞ ለእሱ አንድ ከሆኑ ቆይተዋል። የታችኛውንም በዚያው አቅጣጫ ዳበሰ። እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ነገር ሌባ ጣቱን ያዘው። መለሰው፤ ለሰለሰ። ደግሞ ሄደ፤ ሻከረ።

"ቀስቱ ተሳስቷል" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።



"የቱ ቀስት?" አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ዓይኑን ገለጠ። "የታችኛው። ሲታጠፍ ጠጉሩ ይገለበጣል እኮ፣ አንቺ! በሁለቱም ላይ ወደ አንድ በኩል ስለሻል። ሻከረኝ።"

"ሻከረህ?"

"ሻከረኝ አልኩሽ!"

ሚስቱ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። "ቀስቱን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታየው?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"እና ዝም?"

"አንቺስ?"

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉ ዳኛዋ፣ ከቦርሳቸው መሃረብ እየፈለጉ።

ሚስቱ እየሳቀች፣ ዓይኗንም እየጠረገች፣ ቀስቶቹን ልታራግፍ ብሩሽ አነሣች።

"ቆይ እስቲ" አለ። ከሌባ ጣቱ የሚረዝመውን የመሃል ጣቱን በከፋዩ ላይ ወዲህና ወዲያ አመላለሰው። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ፣ በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልተሰማኝም ሲል ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ይሄኛው ጣት ገና መንገድ ላይ ነው" አላት። "ቀስቶቹን አታራግፊ። የታችኛውን አርሚልኝና እቆርጣለሁ።"