የእማማ እንቁ እምቧይ

ውቤ በረሃ፣ እኛ ግቢ፣ እማማ እንቁ ጎመን የሚበቅልበት ቦታ ላይ እምቧይ ይኮተኩታሉ። እምቧይ! ቅጠሉም ግንዱም እሾህ፣ ፍሬውን ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው። እኔ «የእምቧይ ካብ» ሲባል ከመስማት በቀር ምንም አላውቅም። «ለምን ይሆንዎታል?» ስላቸው «ለአበባው» ይሉኛል። ወላሂ፣ አንድ ነገር ከደበቁኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታዲያ የልጄ የተስኒም ጉንጭ ላይ ጭርት ወጣ። ቅባት ብንቀባትም እየሰፋ ሄደ፤ አፍራ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እማማ እንቁ አይተዋት «ነገ ጠዋት አመጣላታለሁ» አሉ። ምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ለሱብሂ ተነስቼ ስሰግድ ቆየሁና መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ጎህ ሲቀድ እማማ እንቁ ወደ እምቧዩ ሄዱ። ቢጫ ፍሬ ሊቆርጡ ሲሉ እሾሁ ጣታቸውን ወጋቸው። ደሙን ሳይ አፌ ቀደመኝ።

«እኔን!»

«አንቺን ክፉ አይንካሽ!» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ፍሬውንም ጣሉት።

ሮጬ ወጣሁ።

«ፈረሰ፣ ዐፊፋ» አሉኝ። «ይኼ መድኃኒት የሚቆረጠው ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ነው። ሲቆርጥ የተናገረ ሰው ዳግመኛ አይቆርጥም። ለእናቴ ምዬላታለሁ።»

የልጄን መዳኛ በገዛ አፌ አጠፋሁት ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«የረከሰው የኔ እጅ ነው፣ ተክሉ ምን ሆነ? ነገ አንቺ ትቆርጫለሽ።» የበሰለውን መምረጥ፣ ሰንጥቆ ጭርቱን ብቻ ማሸት አሳዩኝ። «ዓይንና አፏን እንዳይነካ፤ መርዝ ነው።»

በማግስቱ ባሌ ሲራጅ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ አልመለስኩለትም። ያኮረፍኩ መስሎት ሻይ አፈላልኝ። እንዲህ እየቆረጥኩ ሳሽላት ጭርቱ ደርቆ ረገፈ፤ ተስኒምም ትምህርቷን ቀጠለች።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። «እማማ፣ ሙያዎን ነጠቅኩዎት» አልኳቸው።

«ተይኝ እባክሽ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ሰው ባየሁ ቁጥር ስሸሽ ነው የኖርኩት። አሁን እንደ ሰው ልደር።»

ዛሬ ዛሬ ማለዳ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ይላሉ። እኔ ጭርት ለወጣባቸው የሰፈር ልጆች ልቆርጥ ቢላዋ ይዤ ስወጣ ግን እንዳልመልስላቸው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩልኛል።