በእርሳስ የተጻፉት

ፕሮፌሰሯ ጡረታ ልትወጣ አራት ሳምንት ሲቀራት የሠላሳ ዓመት ልፋቷ በአንድ ጥዋት ስም አልባ ሆነ።

ጥፋቱ የትጋት ነበር። ሃያ ዓመት አብሯት የሠራው ቴክኒሻን ባክቴሪያዎቿን ወደ አዲሱ ፍሪዘር ሲያዛውር፣ ብልቃጦቹ ላይ የጋገረውን በረዶ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥርት አድርጎ ወለወለላት። በማርከር የተጻፈው ስም ከበረዶው ጋር ሄደ። የትኛው ባክቴሪያ የትኛው ጂን እንደጎደለው የሚናገር አንድም ብልቃጥ አልቀረም፤ ስድሳው ሁሉ ራቁቱን። ቦታዋን የምትረከበው ወጣት ተመራማሪ ሥራ የምትጀምረው ግን በእነሱ ነበር። ስም የሌለው ደግሞ ይወገዳል፤ የቤተ ሙከራው ሕግ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!»

«መሬት ሥራ አላት፤ አንተን ስትውጥ ትዋል?» አለችው። ወንበር ስባም ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር።

አንድ ልማድ ነበራት። ተማሪ ሲመረቅ የሠራባቸውን ባክቴሪያዎች ቅጂ በትንሽ ሣጥን ታስይዘዋለች፤ የእያንዳንዱን ባክቴሪያ ስም አልኮል በማያስለቅቀው እርሳስ ጽፋ። ባሏ «ሰው ለተመራቂ ሰዓት ይሸልማል፣ አንቺ ጀርም!» እያለ ይስቅባት ነበር። መስጠት እንጂ መጠየቅ አይሆንላትም። ለቀድሞ ተማሪዎቿ «ከሰጠኋችሁ ቅጂ ላኩልኝ» የሚል ሦስት መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባት።

በሳምንቱ ሣጥኖች በደረቅ በረዶ ታሽገው ይመጡ ጀመር። አንዱን የላከችው አይታት የማታውቅ ልጅ ናት። «አስተማሪዬ ስመረቅ ሰጠችኝ፤ የቤታችን ወግ ነው ብላ። ወጉ ከእርስዎ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ» ይላል ደብዳቤዋ። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው።

ሃምሳ ስምንቱ ተመለሱ። የቀሩት ሁለቱ ሳስታላቸው ለማንም ያልሰጠቻቸው ነበሩ።

«የሁለቱስ ነገር?» አለ ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፍቶ።

«የእነሱ ዕዳ የእኔ ነው። አንተማ ባትወለውልልኝ ይሄን ሁሉ የልጅ ልጅ መች አውቀው ነበር? እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ለወጣቷ የሚሰጠውን ቅጂ ልታዘጋጅ እርሳሷን ቀረጸች። «እስቲ ቁጭ በል፣ አንተ እያነበብክልኝ እኔ ልጻፍ» አለችው። «አልኮሉን ግን ራቅ አርግልኝ።»