አላስካ የተሸጠችበት ዓመት

አባቴ አቶ ማንደፍሮ ደብረ ማርቆስ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። እኛ ዘንድ ሆላንድ፣ ሆግቭሊት ከመጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ እስካሁን «ይብሉ፣ ይጠጡ» ከማለት ሌላ ቁም ነገር ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔም ብሆን የሰው አረጋውያን ስጦር ውዬ ስገባ ለገዛ አባቴ ጉልበት አይተርፈኝም።

ስለዚህ ሳያት የምትባለው ልጄ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ፕረዘንታሲ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ ማስረዳት፣ ደርሷት፣ «አባባ፣ ሩሲያ አላስካን ለአሜሪካ ስለ ሸጠችው ነገር ታውቃለህ?» ስትላቸው፣ ሰውየው ተላጭተው፣ ከረባት አስረው ሳሎን ተሰየሙ። «አንተ» መባላቸውን እንኳ ልብ አላሉም።

መጽሐፍ አልገለጡም። የሩሲያው ንጉሥ ያን ሩቅ በረዶ መጠበቅ እንደከበደው፣ የገዙትን አሜሪካኖች የገዛ ወገናቸው እንደሳቀባቸው፣ ነዋሪውን ግን ማንም እንዳልጠየቀው ነገሯት። «በርክክቡ ቀን አሜሪካ የራሷን የቀን አቆጣጠር ይዛ ገባች። ሰው ዓርብ ተኝቶ በማግስቱም ዓርብ ነቃ። እዚያ የነበሩት ኦርቶዶክሶች ሁለት ዓርብ በተከታታይ ጾሙ ማለት ነው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽያጩ መቼ ነበር ስትላቸው፣ ሳያቅማሙ «ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ» አሏት። እሷም በትልቁ ጻፈችው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረች።

«ተሳስተሃል! ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ሰባት ነው። አስተማሪዋ ክላሱ ሁሉ ፊት አረመችኝ።»

ነገሩ ገባኝ። አባባ የነገሯት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለ ቀን መለወጥ ሲያስተምሩ የራሳቸውን ሳይለውጡት ቀሩ፤ ይህን ስሕተት ከሐበሻ በቀር ማንም አይሠራውም። ይህንኑ አስረዳኋት።

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ?» አለች። እውነቷን ነው።

«የሁለቱን ዓርብ ነገርስ ወደዱልሽ?» አሉ አባባ።

«ዘለልኩት። እሱም ውሸት መሰለኝ።»

ያን ጊዜ አባባ አንጀቴን በሉት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስተማሪ በየትኛው ቆጠራ እንደሚናገር አስቀድሞ መናገር ነበረበት» ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

በሳምንቱ ሆላንድ ትገዛት ስለነበረችው ስለ ሱሪናም ሌላ ሥራ ተሰጣት። አባባ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር፤ ዞር ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳያት ስልኳን አፏ ድረስ አስጠግታ፣ ሱሪናም ነጻ የወጣችው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ስልኩ መለሰላት።

«ልክ ነው» አሉ አባባ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።